እጅጌው ብቻ ቀርቷል

ጠዋት ባሏ ተካልኝ ወደ ጥበቃ ሥራው ሲወጣ ይርገዱ በሩን ትዘጋና ፌስታሎቿን ከሶፋው ሥር አንድ ባንድ ትጎትታለች። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ፌስታል አለው፣ የራሱም ሰዓት። የልጇ የትምህርት ቤት ሹራብ ወጡ እስኪበስል የሚሠራ ነው፤ የሕፃን ቆቡ የቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ፤ ለወንድሟ ሚስት የጀመረችው ሻል ደግሞ ሰው ቤት ሲመጣ፣ ዓይን ሳያየው እጅ ብቻውን የሚሄድበት ሥራ ስለሆነ። አንዱንም ሳትጨርስ ገበያ ወጥታ አዲስ ክር ካየች ግን አለቀላት። ልቃቂቱን ታነሳለች፣ ጉንጯን ታስነካዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ሌላ ፌስታል ይከፈታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ የጀመርሽውን ሁሉ ብትጨርሺ እኮ ደብረ ብርሃንን ብርድ አይነካትም ነበር" ይላታል ተካልኝ።

"አንተ ደግሞ የጀመርከውን አጥር ጨርስ" ትለዋለች። ነገር አታሳድርም። ካፏ የወጣውንም አትመልስም፤ እሱ አመሏ ነው።

ከፌስታሎቹ ሁሉ ሥር የተቀመጠው ግን ባዶ ነበር። የእማማ ደብሪቱ ነው።

እማማ ደብሪቱ ከአጥሩ ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ከፋሲካ በኋላ ራሳቸው የፈተሉትን ግራጫ የበግ ፀጉር ክር በበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ጠቅልለው አመጡላት፤ ክር ሁልጊዜ በቆረቆንዳ ላይ ነበር የሚጠቀልሉት። "ክረምቱ ሳይገባ በሹራብ ድረሽልኝ ልጄ፣ ዘንድሮ ብርዱን ፈርቼዋለሁ" አሏት። ይርገዱ ሜትር አታነብም፤ ክንዳቸውን በቁራጭ ክር ለክታ አንጓው ላይ፣ ክርኑ ላይና ትከሻው ላይ ቋጠሮ አሰረችበት። ወዲያው ማዶ ያለችው ጎረቤት ወለደች። ክሩ ደግሞ እንዴት ያለ ለስላሳ ነበር! ትንሽ ብወስድ ምን አለበት ብላ ለሕፃኑ ካልሲ ጀመረች፣ ከዚያ ሱሪ፣ ከዚያ ኮት፤ ቆረቆንዳው ራቁቱን ሲቀር ነው የነቃችው። ክርስትናው ላይ ሴቶቹ ልጁን እየተቀባበሉ "እጅሽ ይባረክ" ሲሏት እማማ ደብሪቱ ቀረብ ብለው ኮቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ክሩ የኔን አይመስልም?" አሉ፣ በቀስታ።

የይርገዱ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። "ኧረ ይሄ የሱቅ ነው! የእርስዎማ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው።"

አሮጊቷ ዓይኗን ዓይኗን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በሩን በከዘራቸው ኳ ኳ ያደርጉና፣ ሳይገቡ፣ "ደረሰልኝ?" ይላሉ። "እጅጌው ብቻ ቀርቷል" ትላቸዋለች። ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ከሜዳው ተነሥቶ መንደሩን በሙሉ የዋጠ ጊዜ፣ ከዘራው መምጣቱን ተወ። ብርድ መታቸው አሉ። ሲያገኟቸው ያላቸውን ጨርቅ ሁሉ ደራርበው፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ነበር።

ለቅሶ ቤት ልጃቸው እንግዳወርቅ፣ ከአጣዬ የመጣችው፣ ይርገዱን አቅፋ አለቀሰች። "እትዬ ይርገዱ፣ ስደውልላት ሁሌ ሹራቤ እጅጌው ብቻ ቀረ ትለኝ ነበር። ለአርባዋ ለአንዲት ችግረኛ እናለብስላታለን። ይደርሳል አይደል?"

እድርተኛው ሁሉ ይሰማል። ሙት ላይ እንዲህ አደረገች መባል ማለት ውኃ ወረፋ ላይ ቀና ብሎ መቆም መቅረት ማለት ነው፤ ከዚህ መንደር የት ይኬዳል? "ይደርሳል" አለች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ።

በማግስቱ ተመሳሳይ ግራጫ ክር ከሱቅ ገዛች፤ ጥቅሉ በላስቲክ የታሸገ፣ አዲስ ሽታ ያለው። የሕፃን ቆቡም የልጇ ሹራብም ወደ ሶፋው ሥር ተገፉ። ሁለት ጣት የሚያህል የወገቡን ጠርዝ ሠርታ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ዳቦ ቤቱ ደጅ እንግዳወርቅ ነበረች።

"እንዴት ሆነ፣ እትዬ?"

"እጅጌው ብቻ ቀርቷል" አለች ይርገዱ፣ ምላሷ ለምዶት።

ስትመለስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሳሎኑ በቀትር እንደ ጉድጓድ ጨልሟል፤ ከጭጋጉ ጋር የገባ የባሕር ዛፍ ጭስ ሽታ፣ እርጥብ የበግ ፀጉር ሽታ፣ ከሥሩም ስስ ብሎ አሮጊቶች ደረታቸው ላይ የሚያሹት የጉንፋን ቅባት ሽታ። ሥራዋን ከሶፋው ላይ ስታነሳው ከበዳት። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ጀርባው አልቋል፣ ደረቱ አልቋል፣ ቀኝ እጅጌው ተጋጥሞ አልቋል፤ አሠራሩ ጠበቅ ጠበቅ ያለ፣ የሷ ያልሆነ። በግራ በኩል የትከሻው ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

መጮህ ነበረባት። ግን ምን ብላ? ለማንስ? የሚያሳፍረው ነገር፣ ከድንጋጤዋ ቀድሞ የመጣው ደስታ ነበር፤ እሰይ፣ አልተዋረድኩም የሚል።

በማግስቱ እንግዳወርቅ ውኃ ወረፋ ላይ አገኘቻት። "ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋር ለናቴ እንዴት ደረስሽላት?"

"አንዲት ዘመዴ ከገጠር መጥታ ታግዘኛለች" አለች ይርገዱ።

ያን ቀን ተካልኝ ምሳውን ሊበላ ገብቶ ኖሮ፣ ጀሪካኗን ይዛ ስትደርስ ጓዳ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። "እንግዳሽ ሄዱ እንዴ?"

"የምን እንግዳ?"

"ሳሎን የነበሩት ነዋ። ነጠላ ተከናንበው፣ ሥራው ላይ አቀርቅረው። ጤና ይስጥልኝ ብል ቀና አላሉም። ደግሞ እንዴት ይበርዳቸዋል! ወንበሩ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

ይርገዱ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ዘመዴ ናት" አለች። ሌላ ምን ትላለች?

እጅጌውን ልትጨርሰው ቆርጣ ተነሣች። የእማማ ደብሪቱን መለኪያ ክር ፈለገች፤ እሱም በሕፃኑ ካልሲ ውስጥ ሳያልቅ አልቀረም፣ የለም። የሙት ልብስ በራስ ገላ አይለካም ትል ነበር እናቷ፤ ይርገዱ ግን እልኸኛ ናት፣ የራሷን ግራ ክንድ ዘርግታ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ለካችበት፣ አውራ ጣቷ ሥር እስካለው የካውያ ጠባሳ ድረስ። ከዚያ መርፌዎቹን ይዛ ተቀመጠች። እስከ ክርኑ ሠርታ ወጡን ልታማስል ጓዳ ስትገባ፣ ከሳሎን ድምፅ መጣ፤ መርፌ ከመርፌ ሲነካካ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፣ አንዳንዴ እንደሚያርፍ ሰው ቆም እያለ፣ ከዚያም ክር ሲተረተር የሚሰማው ያ ደረቅ ረጅም ጩኸት። ተመልሳ ስትገባ ሳሎኑ ባዶ ነው። እጅጌው ፈርሷል። የሱቁ ክር በበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ በወጉ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

እንደገና ጀመረች። እንደገና ተተረተረ። ሹራቡን ታቅፋ ቦኖ ሄደች፣ ታቅፋው ሽንኩርት ከተፈች፤ እንቅልፍ ወሰድ ሲያደርጋት ግን ቆረቆንዳው ጭኗ ላይ ነው። ከሶፋው ሥር ያሉት ፌስታሎች ሳይነኩ አቧራ ጠጡ። ያኔ ገባት። እጅጌው ብቻ ቀርቷል ብላለች፤ ስለዚህ ይቀራል። የምታግዘኝ አለች ብላለች፤ መጥታለች። ካፏ የወጣው ሁሉ ቀድሟት ቤቷ እየገባ ነው።

ስለዚህ እውነቱን ብቻ እናገራለሁ አለች። አንድ ጊዜ መዋረድ ነው፣ ያልፋል። በአርባው ቀን ሹራቡን በጋቢዋ ሥር ይዛ የእማማ ደብሪቱን ደጅ ስትረግጥ፣ ቃሉን መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው ነበር፦ ክራቸውን ለሌላ አዋልኩት፣ ዋሸኋቸው፣ ብርድ የገደላቸው በኔ ነው።

ጠበል ጠዲቁ ቀርቦ ቤቱ በሴት ሞልቷል። ጥግ ላይ ሹራቡን ለመልበስ የመጣችው ችግረኛ ሴት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እንግዳወርቅ ሹራቡን ተቀብላ ዘረጋችው። ግራው ባዶ ሆኖ ተንጠለጠለ።

"ውይ! አንድ እጅጌ የለውም እኮ" አለች አንዷ።

"እሷ መቼ የጀመረችውን ትጨርሳለች" አለች ሌላዋ፣ በሹክሹክታ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ። የሕፃኑ እናት ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ልጁ ግራጫ ኮቱን እንደለበሰ ነው። የሁሉም ዓይን ከይርገዱ ወደ ኮቱ፣ ከኮቱ ወደ ይርገዱ ሄደ።

"ምነው፣ እትዬ ይርገዱ?" አለች እንግዳወርቅ።

ይርገዱ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን የተለማመደችው ቃል አልነበረም።

"ግራ እጄ" አለች። "ግራ እጄ ከዳኝ። ከነጭራሹ የለኝም ማለት ይቀላል።"

ቤቱ ባንድ ጊዜ ራራ። "እኔን! አፈር ስሆን! እግዜር ይማርሽ!" አሏት። ሹክ ያለችው ሴት ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችላት። እንግዳወርቅ ሹራቡን አጥፋ በቀኝ ክንዷ ሥር አደረገችላት። "አይዞሽ፣ ሲሻልሽ ትጨርሺዋለሽ። ለሴትዮዋ ጋቢ አለብሳታለሁ።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ ጭጋጉ ወርዶ ነበር፤ ቀኝ ጆሮዋን፣ ቀኝ ጣቶቿን፣ እግሯን ብርዱ ይቆረጥማታል። በግራዋ በኩል ግን ምንም አይበርዳትም። ቀለል ብሏታል። ይኸው አለፈ፣ ማንም አላወቀም።

ሹራቡን በቀኝ እጇ ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከሰል ልታያይዝ ዞረች። ከኋላዋ መርፌዎቹ ጀመሩ። ቀጭ ቀጭ፤ በዚህ ጊዜ ሳያርፉ፣ ደስ ብሎት እንደሚሠራ ሰው። ያ ቅባት፣ ያ እርጥብ የበግ ፀጉር ሸተታት። ከዘራ ወለሉን ኳ አደረገው።

"ደረሰልኝ" የሚል ድምፅ ሰማች፤ ጥያቄ አልነበረም።

ዞር አለች። ወንበሩ ላይ ሹራቡ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ሙሉ፣ ሁለቱም እጅጌዎቹ ተጋጥመው። ከትከሻው በላይ ያለውን የነጠላ ጥላ ለማየት አልደፈረችም፤ ዓይኗ የወደቀው ከግራው እጅጌ ጫፍ ወጥታ ክሩን በምትስበው እጅ ላይ ነበር። ያረጀች እጅ አይደለችም፤ አውራ ጣቷ ሥር የካውያ ጠባሳ አላት። ይርገዱ ጠባሳዋን ከጠባሳው ልታስተያይ ግራ እጇን ከጋቢዋ ሥር ስታወጣ፣ የወጣው እጅጌው ብቻ ነበር።