የተፋቀው ዓይን

ቢያዝን የተገኘው በገዛ ጌም ቤቱ ወለል ላይ፣ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። ዕለቱ የዓቢይ ጾም አርብ ነው፤ ግማሹ የቢቸና ሰው ቅዳሴ ላይ ነበር። ሚስቱ ሰርካለም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። ማጅራቱን ያደቀቀው ከባድ የመብራት ስታቢላይዘር አጠገቡ ወድቋል።

ኢንስፔክተር እፀገነት ሬሳውን አይታ ስታበቃ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። እዚያ የአንድ ጌም ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። በቀኝ በኩል ዘውድ የጫነ መልከ መልካም ጦረኛ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል። በግራ በኩል ብዙ ክንድ ያላት፣ ምላሷን ያወጣች ጥቁር ሴት በጎን ቆማለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ያንን ዓይን አንድ ሰው በሹል ነገር ፍቆታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ይቀመጥ የነበረው የፕላስቲክ አበባ ደግሞ በባለዘውዱ አንገት ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ይኸ ምን ያመራምራል?» አሉ ኮማንደር ደምለው። «የኮሌጁ መምህር፣ ህንዱ ነው። ለአምላኩ አበባ አስሮ፣ የአምላኩን ጠላት ፍቆ፣ ሰውየውን ገድሎ ሄደ። ሰዎቼ ሲይዙት የጌሙ ሲዲ ከእሱ ቤት ተገኝቷል። ነገ ጠዋት ወደ ደብረ ማርቆስ እልከዋለሁ።»

ኮማንደር ደምለው ነገር ሲያጥር ደስ ይላቸዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእሳቸው ይመስላል። እፀገነት ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስትባል ያደገች ናት፤ የገዛ እናቷን ሳይቀር ትጠረጥራለች ይሏታል።

መጀመሪያ እስረኛውን ጠየቀች። ራጋቫን በከተማው ኮሌጅ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ህንዳዊ ነው።

«ባለፈው እሑድ ጌም ቤቱ ውስጥ ክርክር አንስተዋል አሉኝ።»

«አዎ። ጌሙ የአገሬን ታሪክ ገልብጦታል። ጋኔኑን ጀግና፣ እናታችን የምንላትን አምላክ ጭራቅ አድርጓል። ልጆቹ እናቴን እየደበደቡ ነጥብ ያገኛሉ። ሰው ፊት አለቀስኩ። አፈርኩ።»

«ሲዲውስ?»

«ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ቢያዝን ጠርቶ ሰጠኝ። ‹ከእንግዲህ በቤቴ አይከፈትም› አለኝ።»

«ሲሰጥዎት ያየ ሰው አለ?»

«የለም» አለ።

ከዚያ መሪጌታ ገብረ ሚካኤልን ፈለገች፤ ጌም ቤቱን በአደባባይ ያወገዙት እሳቸው ናቸው።

«የኔታ፣ ‹ይህ ቤት ይፍረስ› ብለዋል አሉኝ።»

«ብያለሁ። እሑድ ህንዱንም ፖስተሩ ላይ ያችን ባለብዙ ክንዷን እየነካ ‹እናቴ› ሲል ‹ጣዖት ናት› ብየዋለሁ፤ አሁንም እላለሁ። እሱ ግን ‹የማርያምን ሥዕል ልጆች በጨዋታ ቢመቱብዎትስ?› አለኝ። ሃምሳ ዓመት ቅኔ ስዘርፍ ኖሬ በሒሳብ መምህር ተረታሁ። ሰርካለም አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ጠይቂያት።»

አመሻሹ ላይ ያለው የሚባል ሰው ከሞጣ ደረሰ። የቢያዝን ሽርካ ነው፤ ሞጣ ላይ ሁለተኛውን ጌም ቤት የሚያሠራው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። እፀገነት የቀላ ዓይን ስታይ ማዘንም መጠርጠርም እኩል ይቀናታል።

«እሑድ ክርክሩ ላይ ነበሩ?»

«አልነበርኩም፤ ሞጣ ነበርኩ። ህንዱ ስለ አምላኩ አለቀሰ ብለው በስልክ ሲነግሩኝ ሳቅኩ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እዚያው። ሰርካለም እስክትደውልልኝ ልጆች ሳጫውት ዋልኩ።»

«ሰው ነበር?»

«ሞልቶ! ወንበር ጠፍቶ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት እፀገነት ሁሉንም ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ራጋቫን እጁ በካቴና ታስሯል፤ የሚወስደው መኪና ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ።

«የኔታ» አለች፣ «በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳለው ማነው?»

«ዲያብሎስና ጭፍሮቹ። ይሁዳም።»

«ጻድቃንስ?»

«በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት።»

«ገዳዩ ህንዳዊ መስሎ ሊያታልለን ፈለገ፤ ሥዕሉን ግን እንደ እኛ አነበበው። ባለ አንድ ዓይኗን ጋኔን፣ ባለ ሁለት ዓይኑን አምላክ አደረገ። እውነቱ ግን ግልብጥ ነው። የመምህር ራጋቫን እናት ጥቁሯ ናት። ልጅ የእናቱን ዓይን ፍቆ ለጋኔን አበባ ያስራል?»

ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

«ታዲያ እኔ ነኝ?» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ አይደሉም። እሑድ የተባለውን ሰምተዋል፤ ማን ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ሰርካለምም ሰምታለች። ይህን የሠራው ህንዱ ማልቀሱን የሚያውቅ፣ ስለየትኛው ሥዕል እንዳለቀሰ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ወሬው በስልክ የደረሰው።»

ሁሉም ወደ ያለው ዞሩ።

«እኔ ሞጣ ነበርኩ ብያለሁ!»

«ሞጣ ትናንት ከማለዳ እስከ ማታ መብራት አልነበረም። ከጎንህ የሚገኘው ወፍጮ ቤት ቆሞ ውሏል፤ ባለቤቱን ጠይቄያለሁ። ልጆቹን በምን አጫወትካቸው፣ በኩራዝ?» አንቱታው ቀርቷል።

ያለው ፖስተሩን በጣቱ ጠቆመ። ቃሉም እንደ ጎርፍ መጣ።

«ልጆቹ የሚመጡት ለዚያ ጌም ነው! ‹ከሞጣም አንሣው› አለኝ። ለአንድ ህንድ እንባ! የዚህን ቤት ሲዲ እንኳ ለእኔ ስጠኝ ስለው ‹ለሰውየው ሰጥቼዋለሁ፣ ቃሌ ነው› ብሎ ጀርባውን አዞረብኝ። ጀርባውን!»

ሰርካለም ጮኸች። ኮማንደሩ ካቴናውን በገዛ እጃቸው ከአንዱ ፈትተው በሌላው ላይ አሰሩ፤ ያፈረ ሰው እጅ ሥራ ይወዳል።

ራጋቫን ከሰርካለም ፊት ሄዶ ቆመ። ነጻ የወጣ ሰው ፊት አልነበረውም።

«እኔ ባላለቅስ ኖሮ ባልሽ አይሞትም ነበር። ስለ እናቴ ብሎ ሞተ» አላት።

«ባሌ እናትዎን አያውቃትም» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «እሑድ ማታ እህል አልቀመሰም። ‹ሰውየውን በቤቴ አስለቀስኩት› እያለ ሲገላበጥ አደረ። እሱ ያወቀው እርስዎን ነው።»

ራጋቫን አጎንብሶ እጅ ነሳት። መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ክንዱን ይዘው ወደ ለቀስተኛው ድንኳን ወሰዱት፤ ከጎናቸውም አስቀመጡት።