ሥራ ፈቱ ዘንግ

መምህር ንዋይ ለተማሪዎቹ ባሠራው የብረት ድልድይ ሥር፣ በጎርፍ መውረጃው ድንጋይ ላይ ተዘርሯል። የ1980 በጋ ነው። የናዝሬት ነፋስ የተሸፈነበትን ነጠላ እየገለበ አስቸገረ። መርማሪዋ መቶ አለቃ ዘውድነሽ ጠርዙን በጠጠር አስያዘችው።

ንዋይ፣ ድልድይ ሸክሙን እንዴት እንደሚሸከም የሚያስተምር የኮምፒዩተር ፕሮግራም የጻፈ ሰው ነበር። ተማሪው በስክሪኑ ላይ ሸክም የማይነካውን «ሥራ ፈት» ዘንግ ያገኛል፤ ከዚያ ወጥቶ ያንኑ ዘንግ ከእውነተኛው ድልድይ ላይ ይፈታል። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቅና የቱ እንደተፈታ ሳያይ ይሻገራል። «ተማሪዬን ካላመንኩ ለምን አስተማርኩ?» ይል ነበር።

የዛሬዋ ፈቺ የገዛ ልጁ ወሰንየለሽ ነበረች።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ምን ያመራምራል?» አለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሐዲስ። «ልጅቷ ተሳሳተች። ትታሰር።»

ወሰንየለሽ የቡሎን መፍቻውን ከእጇ አልለቀቀችም። «ማሽኑ ያለኝን ነው የፈታሁት። ገና ቁልፉን ስነካ መለሰልኝ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይፈጥናል?»

«ኧረ! እስኪያሰላ አባባ ያዘፍነን ነበር።» መፍቻውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ዛሬ ሳንዘፍን ወጣን።»

ዘውድነሽ የኮምፒዩተር ክፍሉን ጠባቂ ወዬሳን ጠራች። «ፕሮግራሙ ያለበትን ዲስክ ማን ነካው?»

«እኔ እንደሁ እንደ ካሴት መክተትና ማውጣት ነው የማውቀው! ባለፈው ሳምንት ጋሽ ንዋይ ለለቅሶ አርሲ ነገሌ ሲሄዱ አቶ ሐዲስ ወሰዱት። ከፓርቲው እንግዶች ይመጡ ነበርና።»

ፕሮግራሙን አስከፍታ ካየች በኋላ ሁሉንም ድልድዩ አጠገብ ሰበሰበች።

«ፕሮግራሙ የሚዘገየው ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር እያራመደ፣ በየእርምጃው ስለሚያሰላ ነው። አሁን ግን ሰውዬው መሃል ላይ ተቸንክሯል። መሃል ለቆመ የተፈታው ዘንግ ሥራ ፈት ነው፤ ለሚራመድ ግን፣ እግሩ እዚያ ሲደርስ ሕይወቱ ነው። ወዬሳ ይህን መለወጥ አይችልም። ወሰንየለሽም ዲስኩን ይዛ አታውቅም። የወሰዱትም የሚችሉትም እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሐዲስ።»

«እንግዶቹን ላለማስጠበቅ ነው! ልገድል አላሰብኩም!»

አልዋሸ ይሆናል። በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ማስጠበቅ ሰው ከማስገደል የከፋ ወንጀል ነበር።

«ፕሮግራሙን እንደነበረ መመለሱን ረሱት እንበል። ወዬሳ፣ ንዋይ ሲሻገር ማን ይከተለው ነበር?»

«አቶ ሐዲስ ናቸዋ፤ ጭብጨባውን ለመካፈል።»

«ዛሬስ?»

«እግሬን አሞኛል ብለው ዳር ቆሙ።»

«የቱ እንደተፈታ አይተዋል» አለች ዘውድነሽ። «‹ንዋይ፣ ቁም› ማለት ብቻ ነበር የቀረዎት። ግን ካሉ ለእንግዶቹ ያሳዩት ቅጥፈት ይጋለጣል።»

ፖሊሶቹ ሐዲስን ይዘውት ሄዱ።

«ነፃ ነሽ፣ ልጄ» አለች ዘውድነሽ። መፍቻውን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ የልጅቷ ጣቶች አልፈታ አሉ።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር» አለች ወሰንየለሽ። «አንዴም ዞር አላለም።»