ሁልጊዜ አረንጓዴ

ካርቶኑ ጀርባውን ሰጥቶ አለፈ። ባርኮዱ የተለጠፈበት ጎን ወደ ግድግዳው፣ ባዶው ጎን ወደ ካሜራው ነበር። እንዲያም ሆኖ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ በራ።

ችኮ ተንቀሳቃሹን ቀበቶ አቆመችው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የዎርክሾፑ ልጆች ናቸው፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅማ። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው፣ በዚያው በባዶ ጎኑ መልሳ አስቀመጠችውና ቀበቶውን አስነሣች። አሁንም አረንጓዴ።

«ምን አድርገህበት ነው?» አለች።

ቱርቦ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆኖ ሣቀ። እሱ ደግሞ ምሳውንም ፈተናውንም ከሁሉ ቀድሞ የሚጨርስ ልጅ ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከገቡ ጀምሮ አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩ ጓደኛሞች ናቸው።

የተሰጣቸው ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነበር። ቀበቶው ካርቶን ያመጣል፤ ጎን ላይ ያለው ሴንሰር ካርቶን መምጣቱን ያውቃል፤ ከዚያ ካሜራው ቀይ ብርሃኑን ብልጭ አድርጎ ባርኮዱን ፎቶ ያነሣና ያነባል። ካነበበ አረንጓዴ፣ ካላነበበ ቀይ በርቶ ቀበቶው ይቆማል። ችግሩ ተለጣፊው ወረቀት የሚያብረቀርቅ መሆኑ ነው። ካሜራው ፊት ለፊት ስለተገጠመ የራሱ ብርሃን ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። መስተዋት ፊት ቆሞ በፍላሽ ፎቶ እንደሚያነሣ ሰው፣ ከነጭ ነጸብራቅ በቀር ምንም አያይም። ሰሞኑን ያዩት፣ ከስንት አንዴ በቀር፣ ቀይ ብቻ ነበር።

ቱርቦ መፍትሔ አግኝቻለሁ ብሎ ስክሪኑን አዞረላት። ለሙከራ የተቀመጠ ምርጫ ነው፤ ካሜራው ማንበብ ሲያቅተው ቀደም ብሎ ያነበበውን ደግሞ ይልካል።

«አንዴ ካነበበ በቃው ማለት ነው» አለ ቱርቦ።

«ይኼማ ማጭበርበር ነው።»

«ማጭበርበር አይደለም፣ ሴቲንግ ነው። የሠሩት ሰዎች ናቸው ያስገቡት፤ እኔ ነኝ እንዴ የፈጠርኩት?»

በማግስቱ ጠዋት ከአንድ መድኃኒት ማሸጊያ ድርጅት እንግዶች ይመጣሉ። ሥራውን የወደዱለትን ቡድን ክረምቱን እዚያ ወስደው ያሠለጥኑታል። ችኮ ይህን ዕድል ከቱርቦ ባላነሰ ትፈልገዋለች። ግን መምህራቸው ስለ ድርጅቱ ሲያወሩ የሰማችው ነገር ከጆሮዋ አልወጣም፦ የሕፃናቱና የአዋቂዎቹ ሽሮፕ ካርቶኖች መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ባርኮዱ ነው።

መያዣውን ብረት ፈትተን ካሜራውን ትንሽ እናዘንብለው፣ ብርሃኑ ወደ ሌላ ጎን ይሂድ አለችው። ቱርቦ የሚሠራ ነገር አይነካም አለ። አይሠራምኮ አለችው። አታካብጂ ብሏት ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

ብቻዋን ቀረች። ብሎኖቹን አላላች፣ ካሜራውን አዘነበለች፣ አጠበቀች፣ ሞከረች፣ እንደገና አላላች። ምስሉ ሲደበዝዝ ርቀቱን አስተካከለች። የሙከራውን ምርጫም አጠፋችው። የዎርክሾፑ ዘበኛ ቁልፍ እያንቃጨለ በር ላይ ሲቆም፣ ካሜራው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ያነብ ነበር። ቀይ የሚበራው ወረቀታቸው የተጨማደደባቸው ካርቶኖች ሲመጡ ነው። እሷ ደግሞ ቀዩን ወደደችው። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ነገር ነውና።

ማታ እናቷ ዘይት የነካ እጅጌዋን አይታ፣ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አለቻት። ግትርነቱ ከአባቷ ወገን የመጣ መሆኑንም ጨመረች። አባቷ ከጋዜጣው ቀና ሳይል ግትሯ ማን እንደሆነች ምስክር እንደሚጠራ ተናገረ።

ጠዋት ቱርቦ ቀድሟት መጥቶ፣ ቀዩንም አይቶ፣ መምህሩን ጠርቶ ጠበቃት። መምህሩ ክራቫት አድርገዋል፤ አንገታቸውን አስሬ ያዟዙራሉ። ካሜራውን ማዘንበሏን ወደዱት። ቀዩን ግን አልወደዱትም።

«እንግዳ ፊት ቀበቶው ቀጥ ቢል ምን ልንል ነው?» አሉ።

«ይህችን አላነበብኩም አለ እንላለን።»

«ያን የሙከራ ምርጫ ለዛሬ ብቻ እናብራው፣ የኔ ልጅ። ሲሄዱ ታጠፊዋለሽ።»

«የሚፈለገው አረንጓዴ ብቻ ከሆነ፣ ቲቸር፣ ካሜራው ምን ያደርጋል? አምፖሉን ብቻ ሰቅለን እናብራላቸው።»

ከኋላ የነበሩ ልጆች ሣቁ። መምህሩ አልሣቁም። እሷን ትተው ወደ ቱርቦ ዞሩና ምርጫውን እንደ ነበረው እንዲመልሰው አዘዙት። ቱርቦ መለሰው።

እንግዶቹ ግቢ ውስጥ ሲታዩ ቱርቦ ጠጋ ብሎ ልብሷን ሳብ አደረጋት።

«በናትሽ ዝም በይ። ለእኔ ስትይ። ይህን ክረምት ካላገኘሁ አባቴ ጋራዥ ያስገባኛል፤ ከገባሁ ደግሞ የምወጣ አይመስለኝም።»

ይህን ሲል አልሣቀም።

የድርጅቱ ዋና ተቆጣጣሪ መነጽራቸውን ጸጉራቸው ላይ የሰኩ፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀበቶውን ያዩ ጀመር። ካርቶን ሄደ፣ አረንጓዴ። ሌላ ሄደ፣ አረንጓዴ። ወረቀቱ የተጨማደደው መጣ። ችኮ ገና ከሩቅ ለየችው። አረንጓዴ።

«እኛ ጋ እንኳ እንዲህ አይሄድልንም» አሉ ተቆጣጣሪዋ። «የማን ሥራ ነው?»

መምህሩ ሁለቱን በኩራት አመለከቱ። ተቆጣጣሪዋ ለሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ክረምት ላይ እንገናኛለን» አሉ።

አለቀ። የፈለገችው ነገር በእጇ ገባ፤ አመሰግናለሁ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ቱርቦ ፊቱ በርቷል፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። ችኮ አፏን ከፈተች። እንግዳ ሰው ፊት ስትቆም ግን ሁሌም ቃል ይጠፋባታል።

ስለዚህ ሁለት እርምጃ ተራምዳ መዳፏን የካሜራው ዓይን ላይ ጫነች።

ካርቶን መጣ። ብልጭታው በጣቶቿ መካከል ቀይ ሆኖ ወጣ። ከላይ ያለው መብራት አረንጓዴ በራ። ሌላ ካርቶን መጣ። አረንጓዴ። ሌላም።

መምህሩ ክራቫታቸውን ያዙ።

«አንሺው» አለ ቱርቦ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን ከጸጉራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉና አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ። መጀመሪያ መብራቱን፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ ፊቷን አዩ። ችኮ እጇን አላነሣችም።