ወደ ጓዳ ያጋደለው ውሃ

ይሄ የሆነ ነገር ነው።

ላሳምናችሁ አልሞክርም... ለመሐላም አልቸኩልም። ታሪኩ የታላቅ እህቴ ነው። ቤት ውስጥ እታለም ነው የምንላት። እሷ ደግሞ ነገር ለማጋነን እንኳ ጉልበት የተረፋት ሰው አይደለችም። ልጽፈው ነው ስላት "ጻፊው፤ ብቻ መልሰሽ እንዳታነቢልኝ" ብቻ ነው ያለችኝ።

የጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ያወራል። ጨለማ የምትጠብቁ ካላችሁ... የለም። የሆነው ሁሉ በብርሃን ነው።

እታለም ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የጌጥ ዓሣ እያራባ ለሱቆች ያስረክብ ነበር። አሥር የመስታወት ገንዳ ነበረው። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ በርጩማ ላይ፣ አንዱ የስፌት መኪናዋ ጎን፣ የቀሩት መሬት ላይ። በዚያ ሳሎን ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታው።

ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ። አንደበቱ ተያዘ። ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ጓዳ አልጋ ተዘረጋለትና እዚያው ቀረ።

እታለም ጠዋት ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ከዚያ ስፌቷ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ አሥሩ ገንዳ ይጠብቃታል። ጎንበስ ብላ በጎማ ቆሻሻውን ትስባለች፣ ባልዲውን ታወጣለች፣ ንጹሕ ውሃ ታስገባለች። እንደገና ጎንበስ። ወገቧ ሊበጠስ ደረሰ። ማታ ወገቧን ዘርግታ መተኛት አቅቷት ነበር።

ዓሣዎቹን ስጪያቸው ብለን ለመንናት። እምቢ አለች። ባሏ በዓይኑ የሚጠይቃት ብቸኛ ነገር እነሱ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ወደ ሳሎኑ ይልካል። "ደህና ናቸው" ስትለው መልሶ ይከድነዋል። ይቺን ከእሱ ላይ መንጠቅ አልሆነላትም።

ስለዚህ ቆማ የምትሠራበት መደርደሪያ ለማሠራት ወሰነች።

የሠሩላት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጋሽ ቱንቢ ነው የሚላቸው። ቱንቢ ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበት በሲባጎ የሚንጠለጠል ብረት ነው። እሳቸው ግን ገና ከበር ሆነው፣ ባዶ ዓይናቸውን፣ የጠመመ ግድግዳ ይለያሉ።

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ወፍራም የሞራሌ እንጨት አመጡ። እግሩን ድርብ አደረጉት። በሚስማር ሳይሆን በብሎን አሰሩት። እንዳይወዛወዝ ከኋላ በሰያፍ ሁለት እንጨት መቱበት። ሦስት ደርብ... ከታች አራት ገንዳ፣ ከላይ ሦስት ሦስት። እያንዳንዱ ገንዳ ሥር ስስ ስፖንጅ አነጠፉ፤ እንጨቱ ትንሽ ከጎበጠ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

እታለም "በዛ፣ በቃ" ስትላቸው "ውሃ ሲታይ ቀላል ነው እንጂ መቶ ሊትሩ መቶ ኪሎ ነው፣ ይሄ መደርደሪያ ስምንት ኩንታል ሊሸከም ነው" አሏት። እያንዳንዱን እንጨት በውሃ ልክ፣ ውስጡ ውሃና አረፋ ባለበት መለኪያ፣ ለኩት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ። በቱንቢም ለኩት። ቀጥ።

ሲጨርሱ የመደርደሪያው ግራ ጫፍ የጓዳውን በር ተጠግቶ ቆመ።

ሁለት ቀን እታለም አረፈች። ቆማ ነው የምትሠራው፤ ወገቧ ቀና አለ። በስልክ ስታወራኝ ድምፅዋ ራሱ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋች ቀና አለች።

የመሃለኛው ደርብ ውሃ ጠሟል።

በግራ በኩል አንድ ጣት ከፍ ብሏል፤ በቀኝ በኩል አንድ ጣት ዝቅ።

ዓይኔ ነው አለች። ክር ሲያዩ የዋሉ ዓይኖች ናቸው። ፊቷን ታጥባ ተመለሰች... እንደዚያው ነው። የላይኛው ደርብም። የታችኛውም። አሥሩም ገንዳ እኩል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ጓዳው በር አጋድሏል።

ዓሣዎቹም ከውሃው ጋር አጋድለው ነበር የሚዋኙት። ምንም አልመሰላቸውም።

የልብስ ጠመኔዋን አንስታ የውሃውን ጠርዝ መስታወቱ ላይ አሰመረች። ከዚያ ተቀምጣ ኮሌታውን ጨረሰች። ለነገ የተቀጠረ ሥራ ነበር።

ጋሽ ቱንቢ በማግስቱ መጡ። አንድ እግሩ ሰምጦ ይሆናል ብለው ነው የመጡት። ውሃ ልኩን አስቀመጡ... አረፋዋ ሸሸች። ጠሟል ማለት ነው። ቱንቢውን አንጠለጠሉ... ቀጥ። አልጠመመም ማለት ነው።

አርባ ዓመት ሁለቱን ይዘው ሲሠሩ አንድም ቀን ተጣልተውባቸው አያውቁም።

የክር ኳስ ተቀብለዋት ወለሉ ላይ አስቀመጡ። አልተንከባለለም። ውሃ ልኩን ግቢ አውጥተው ሞከሩት፤ ደህና ነው። አስገቡት፤ አረፋዋ ሸሸች።



"ቤቱ ልክ ነው" አሏት በሹክሹክታ። "እንጨቱም ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ውሃው ነው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?"

"ወንድሜን ከዚያ ክፍል አውጪው።"

አልጋውን ተጋግዘው ወደ ሳሎን አወጡት። የስፌት መኪናው አጠገብ አደረጉት። እታለም በልቧ አንድ ነገር ፈርታ ነበር። ውሃው የሚያጋድለው ወደ ባሏ ከሆነ፣ አሁን ዞሮ ወደ አዲሱ አልጋ ይመጣል ብላ። አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው የመጥሪያ ምልክት ነው ብላ።

አልዞረም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ጣት ሙሉ አጋድሎ ነበር። ወደ ጓዳው። ማንም ወደሌለበት ክፍል።

ያን ጊዜ ነው ባሏ የተናገረው። አምስት ወር ቃል ያልወጣው ሰው።

"ጠማው..." አለ።

እታለም ተንደርድራ በኩባያ ውሃ አመጣችለት። ከንፈሩን ገጠመ።

"ጠማኝ ለማለት ነው አይደል?"

ራሱን ወዘወዘ። ዓይኑን ወደ ጓዳው በር ላከ።

"ጠማው።"

ምን ተሰማሽ ብያታለሁ። ፍርሃት አልነበረም አለችኝ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ "ደግሞ ሌላ..." የሚል ነበር። ደግሞ ሌላ የሚጠማው፣ ደግሞ ሌላ የሚጠብቀኝ። ቤት ውስጥ ጠማ ከተባለ ውሃ ይቀርባል፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ይሄንኑ ነው። አንድ ባልዲ ሞላች። ጓዳው መሃል አስቀመጠች። በሩን ዘጋችው።

ጠዋት ስታየው ባልዲው ባዶ ነበር።

ባዶ ብቻ አይደለም። ደረቅ ነበር... ሳምንት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይመስል። እጇን ውስጥ ከታ ብትዳብስ ጠብታ የለም።

አሥሩም ገንዳ ልክ ሆኗል። ውሃው ከጠመኔዋ መስመር ወርዶ ቀጥ ብሏል።

እንግዲህ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይላል ትሉ ይሆናል። በሽተኛ አዝላችሁ የት ትሄዳላችሁ? እታለም አልሸሸችም። ከሥራዋ ላይ አንድ ሥራ ጨመረች። ባሏን ታጥባለች፣ ትሰፋለች፣ ዓሣዎቹን ታያለች... ለጓዳው አንድ ባልዲ ታስገባለች።

ከሳምንት በኋላ ሁለት ባልዲ ሆነ። ከዚያ ሦስት። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ባሏ ግን ተሻለው። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ስሟን ጠራ። ይሄ ከዚያ ጋር ይያያዝ አይያያዝ አላውቅም። እሷም አልጠየቀችም።

ጋሽ ቱንቢ አንድ ቀን ብቅ ብለው ውሃው መስተካከሉን አዩ። እንዴት ሆነ ሲሏት ራሱ ተስተካከለ አለቻቸው። በሩ ሥር የተደረደሩትን ባልዲዎች አዩ። ሳይቀመጡ ሄዱ።

እኔም አንድ ከሰዓት ሄጄ ነበር። ባልዲዎቹ ለምንድን ናቸው ብላት "ለጓዳው ናቸው" አለችኝ፤ ለከብቶቹ ናቸው እንደማለት ቀለል አድርጋ። ላግዝሽ ብዬ አንዱን ይዤ ገባሁ።

ምንም የለም። አራት ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ ባዶ ወለል።

ግን አፌ ደረቀ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረኝ። ባልዲውን አስቀምጬ ዞር ስል፣ ውሃው በባልዲው ውስጥ ተረጋግቶ በመቆም ፈንታ... አንድ ጠርዙን ማንሳት ጀመረ።

እታለም ከኋላዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"ነይ ውጪ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሰው ሲያየው አይጠጣም።"

ያን ቀን አምስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ጥሙ ግን አልወጣልኝም። ቤቴ እስክገባ ድረስ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ከዚያ የሰፈሩ ቧንቧ ጠፋ።

በመጀመሪያው ቀን የጀሪካን ውሃ ነበራት። በሁለተኛው ቀን ከጎረቤት ለመነች፤ ያገኘችውን ለባሏ ግማሽ፣ ለጓዳው ግማሽ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤትም አልቆበታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውሃው አጋደለ። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት አይደለም። በግራ በኩል ገንዳው አፍ ድረስ ወጣ፤ በቀኝ በኩል ጠጠሩ ታየ። ዓሣዎቹ ግራ ጥግ ላይ ተከመሩ። አንዱ ገንዳ መስታወቱ ጢጥ... ጢጥ... ማለት ጀመረ።

ለጋሽ ቱንቢ ደወለች። የጎረቤታቸውን መኪና ይዘው መጡ። ዓሣዎቹን ከነውሃቸው እየጨለፈች ክዳን ያላቸው ሁለት ጀሪካኖች ውስጥ ከተተቻቸው። ባሏን በብርድ ልብስ አድርገው ተሸክመው አወጡት። ጋሽ ቱንቢ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ተመልሰው ለመግባት እግራቸው እምቢ አለ። መድኃኒቱ ተረስቶ ኖሮ እታለም ብቻዋን ተመለሰች።

ብዙም አልቆየችም። መድኃኒቱን ይዛ ወጣች፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ ሄዱ።

ይሄ ከሆነ ዓመት አለፈው። አሁን እኔ ጋ ናቸው። ባሏ በከዘራ ይራመዳል፤ ማን ነበር የጠማው ስለው አላስታውስም ይላል፤ እውነቱን ይሁን አይሁን እንጃ። ዓሣዎቹ ለሰው ተሰጡ። መደርደሪያው እዚያው ቀረ፤ በበሩ አይወጣም። ቤቱን አሁን ማን እንደያዘው አላውቅም።

እኔ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቀሚስ ስትዘመዝም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ያን ቀን መድኃኒቱን ልታመጣ ስትገባ ምን አየሽ አልኳት።

አሥሩም ገንዳ ደርቆ ነበር አለችኝ። ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ የለም። ዘግታው የወጣችው የጓዳ በር አንድ ስንዝር ተከፍቷል። መድኃኒቱን አነሳች። ከዚያ መደርደሪያውን በጀርባዋ ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች... የጓዳው በር በቀኟ።

አለቀሰች። ስለ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ዝም ብሎ መጣ አለችኝ።

እንባዋ ግን አልወረደም።

የቀኝ ዓይኗ እንባ ወደ ጆሮዋ ሄደ። የግራው አፍንጫዋን ተሻግሮ ተከተለው። አገጯ ደረቅ ነበር። ፊቷ ላይ በአግድም እየሮጠ፣ ከጆሮዋ ጫፍ እየተነሳ... ወደ በሩ።

ለምን ተነስተሽ አልሮጥሽም አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ቀሚሱን አገላብጣ አየችው።

"ደክሞኝ ነበር" አለችኝ። "ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።"