አለኝታ ማን ትባል?

ኸ-ኸ-ኸ! ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ ልጆች! ዋናው ገና ከኋላ ነው።

ፌንጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እየዘለለች ስለምትሄድ ነው ሰፈሩ ፌንጣ ያላት። ቤታቸው ከአንድ ጋራዥ በስተጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። እናቷ ሴት ልጅ ወልዳ እንደተነሣች ጠራቻት።

«ሂጂ ለአያትሽ ንገሪያቸው። ሕፃኗን በስማቸው አለኝታ ብለናታል። ብርድ ልብሷ ላይ ይጥለፉላት።»

ፌንጣ ተንጨረጨረች። «የአሮጊት ስም! ክፍላችን ውስጥ አንድም አለኝታ የለም። ሄራን ግን አራት አሉ፤ ረጅሟ፣ አጭሯ፣ ፍንጭቷ፣ አልቃሻዋ!»

«አፍሽን ያዢና ሂጂ!»

አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ፌንጣ ቤታቸው ስትገባ ስፌቱን አቁመው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«እህሳ፣ የኔ ፌንጣ! ማን አላችኋት?»

እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጓደኞቿ ሲስቁባት ታያት።

«ሄራን።»

ወይ ጉድ! ምላስ አጥንት የለው! አያትየው ጨርቁን ያለ ሥራ አጠፉት፣ ዘረጉት። «መልካም... እናንተን ደስ ካላችሁ» አሉ ቀስ ብለው። እሷስ? የሴትዮዋን ልብ ሰብራ እየዘለለች ወጣች! ይህ አያበግንም?

ቅዳሜ አያትየው ብርድ ልብሱን ይዘው መጡ። እናትየው ስትዘረጋው በሮዝ ክር «ሄራን» ይላል።

«እማዬ፣ የማንን ልጅ ብርድ ልብስ ነው ያመጣሽልን?» አለች።

ዋናው ይኸውላችሁ! አያትየው ገና ሳይመልሱ፣ ላዩ ላይ ያስተኟት ሕፃን ጥልፉ መሐል ሸናችበት! ስሙን አልፈልግም ያለች ነው የሚመስለው።

ሁሉም ሳቁ፤ ፌንጣ ግን አለቀሰች። «እኔ ነኝ! ዋሽቼ ነው!»

እናቷ በቁጣ ጦፈች። «አያትሽ ምን በደሉሽ?»

አያትየው ፌንጣን አጠገባቸው አስቀመጧት። «እኔ በተወለድኩ ሰሞን ቤታችን ተቃጠለ። እናቴ እኔን ታቅፋ ደጅ ቆመች። ሰው ‹ምን ቀረሽ?› ሲላት ‹አለኝታዬ ይቺውና› አለች። በክፉ ቀን የምደገፍባት ማለቷ ነው። ስሜ የመጣው ከዚያ ነው። አንቺ አፈርሽበት።»

ፌንጣ መቀስ አምጥታ ጥልፉን ክር በክር ትፈታ ጀመር። ልጆቼ፣ ሰው እንዳይስቅብን ብለን ብንዋሽ የምንጎዳው የሚወዱንን ሰዎች ነው።

«እማማ፣ ተቀይመውኛል?» አለች በመጨረሻ።

አያቷም፣ «ተቀይሜሻለሁ እንጂ! እስክትጨርሺ እቀየምሻለሁ። ስትጨርሺ ነይና እቀፊኝ!» አሏት።