የእርግብ እንቁላል የምታህል ንፍፊት

መስታወት ቆራጩ ሚስቱ ማክሰኞ ጠዋት እጁ ላይ ስትሞት አላለቀሰም። ጎረቤት ሁሉ ይህን አየ፤ እህቷም አየች። በሦስተኛው ቀን አንድ የሆስፒታል ወረቀት ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ወረቀቱ የሦስት ወር ዕድሜ አለው። ያኔ ሟቿ አንገቷ ላይ ያበጠ ንፍፊት ተቆርጦ ተመርምሮላት ነበር። ውጤቱ «ኤችአይቪ ያለ መድኃኒት ለዓመታት ሲቆይ የሚታይ፣ ተሟጦ የከሰመ ንፍፊት። ሌላ በሽታ የለም» ይላል።

«እህቴ አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒቷን አንድ ቀን አላጓደለችም» አለች። «ከክሊኒክ የሚያመጣላት እሱ ነው። ታዲያ ምን ሲያስውጣት ኖረ? እስኪጣራ ልጅቷ እኔ ጋ ትሆናለች።»

የቆራጩና የሟቿ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቆራጩ ከማክሰኞ ወዲህ በእርግጥ የሰማው ልጅቷ ከእሱ መወሰዷን ብቻ ነው፤ እሱንም ከጉድጓድ እንደሚመጣ ድምፅ።

ነገሩ ባልደረቦቿ «መርፌ» ለሚሏት መርማሪ ደረሰ። ሱቁ ድረስ ሄዳ ከፊቱ ቆመች።

«እንክብሉን ለውጠሃል?»

«አልለወጥኩም።»

«ሰው ነፍሰ ገዳይ ሲባል ይቆጣል እኮ።»

«ቁጣዬ የት እንደገባ ካወቁ ይንገሩኝ።»

«እጅህ ይደማል።»

መዳፉን ገልብጦ አየው። «ነው እንዴ» አለ።

ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣላት። ንፍፊቱ በተቆረጠበት ሳምንት የተሠራ የደም ምርመራ ነው፤ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ሊቆጠር እስከማይችል ድረስ ወርዷል። መርፌ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ሬሳዋን የመረመረው ሐኪም የገደላት ቲቢ ነው ይላል። ከአንገቷ ጀምሮ ሳንባዋ ድረስ። ያኛው ወረቀት ደግሞ ሌላ በሽታ የለም ይላል። ተነስ፣ አብረን እንሄዳለን። ከዓይኔ አላርቅህም።»

የሆስፒታሉ ምርመራ ክፍል የሁለት ሰው ቤት ነው። በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ሽማግሌ ሐኪም አለ፤ ሥጋውን አድርቆ፣ በሰም ውስጥ ቀብሮ በስሱ የሚቆርጥለት ደግሞ «ዝምታው» የሚባል ባለሙያ።

«ዶክተር፣ ተሳስተው ይሆን?»

«በዚህ አልሳሳትም። ቫይረሱ ሲገባ ንፍፊት መጀመሪያ ያብጣል፤ ጦር የሰፈረበት መንደር ይመስላል። ያለ መድኃኒት ዓመታት ሲያልፉ መንደሩ ይራቆታል፣ ይኮማተራል። እኔ ያየሁት ወና መንደር ነው። ዝምታው እንኳ ደንግጦ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ሃያ ዓመት ስንሠራ ስለ ውጤት ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከኋላዬ ቆሞ፣ እንዲህ የሆነ ሰው ስንት ዓመት ይኖራል አለኝ።»

ዝምታው መዝገቡን በግራ እጁ አቀበላት። የእሱ የእጅ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር የተዋበ ነው፤ የዚያ ሳምንት ገጽ ብቻ ፊደል እንደሚለማመድ ሕፃን ተንጋዷል። በሟቿ ቁጥር አንጻር «የቀኝ አንገት፣ የእርግብ እንቁላል የሚያህል» ይላል። መርፌ በዚያው ቁጥር የተቀመጠውን ሰም አስወጣች። ውስጡ ያለው ምስር ያህላል።

«ሲደርቅ ያንሳል» አለ ዝምታው።

«ይህን ያህልማ አያንስም» አለ ሐኪሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጥሮ።

በዚህ መሃል ጸሐፊዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ የአንዱን በሽተኛ ስምና ውጤት ጮክ ብላ አነበበች። በመተላለፊያው የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አዞሩ። መርፌ ጥርሷን ነከሰች።

በማግስቱ ጠዋት አራቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበች፤ ባልየውን፣ እህትየዋን፣ ሐኪሙን፣ ዝምታውን። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«የከሰመው ንፍፊት የሟቿ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ደሟም ይመሰክራል፣ መጠኑም ይመሰክራል። እንግዲያው የማን ነው? ቫይረሱ ለዓመታት የኖረበት፣ መድኃኒት ያልጀመረ፣ ስሙ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ያልፈለገ፣ ሥጋን በሌላ ሰው ቁጥር ማስገባት የሚችል ሰው። ግራኝ ሆኖ በዚያ ሳምንት በቀኝ እጁ የጻፈ ሰው። ብብቱ ሥር ተቆርጦ ነበርና ግራው አልታዘዝ ብሎታል። ሸሚዝህን ታወልቃለህ ወይስ ትናገራለህ?»

ዝምታው አላወለቀም። «ሌላ ክሊኒክ አስቆርጬ አመጣሁት፤ በሷ ቁጥር አስነበብኩት» አለ። «የሷን በማግስቱ ላስገባ ነበር። አንድ ቀን አለፈ፤ ሳምንት ሆነ። ከዚያማ ምን ብዬ ላስረዳ?»

መርፌ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ቁጥሩ ወደ ግድግዳ የዞረውን ብቸኛ ጠርሙስ አወረደች። ሥጋን ከመበስበስ በሚጠብቀው ፎርማሊን ውስጥ የእርግብ እንቁላል የምታህል ነገር ተንሳፈፈች።

«ለምን አልጣልካትም?»

«የሰው ሥጋ ናት» አለ።

ሐኪሙ ራሱን ያዘ። «ያኔ ይህችን አይቼ ቢሆን ቲቢው ይታወቅ ነበር፤ የስድስት ወር መድኃኒት ያድናት ነበር።»

«እሱ በሕግ ይጠየቃል» አለች መርፌ። «እናንተስ? የሰው ገመና በመስኮት እንደ ሸቀጥ ትጠራላችሁ። ሃያ ዓመት በሠራበት ቤት የገዛ ስሙን መጻፍ የሚፈራ ሰው ያበቀላችሁ እናንተ ናችሁ።»

እህትየዋ የቆራጩን ፊት ማየት አቅቷት ወለሉን እያየች ተናገረች።

«ልጅቷን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤቷ አመጣታለሁ።»

«እሺ» አለ ቆራጩ።

ፖሊሱ ዝምታውን ይዞ ሲያልፍ ቆራጩ ክንዱን ያዘው። ሁሉም ሊመታው ነው ብለው ጠበቁ።

«መድኃኒት ጀመርክ?» አለው።

«አልጀመርኩም።»

«ጀምር። እሷ በታወቀባት በወሩ ነው የጀመረችው። ይሠራል።»