የሰሚት ጆሮ

ሰሚት መጥፋቷ የታወቀው የንጉሡ ሹም ሊቀ ሰላም ጓንጉል ስለ ሰላም አርባኛውን ንግግራቸውን ባደረጉበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የሙዘን ወንዝ ከረፋድ እስከ ቀትር ደም መስሎ ዋለ። የገርዛን ሽማግሌዎችም ምልክቱን አይተው ጢማቸውን ዳሰሱ። ጢም መዳሰስ በገርዛን ከባድ ሥራ ነው፤ ከእሱ የሚከብድ ሲሠሩ ያያቸው ሰው የለም።

ሰሚት ጋን ናት። በገርዛን ምድር ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ እያንዳንዱ ከየደጁ የቀዳውን ውሃ በእሷ ውስጥ ይገለብጥና አብረው ይጠጣሉ። ዕርቁ የልብ ከሆነ ጋኗ እንደ ንብ ቀፎ ታሰማለች፤ የአፍ ብቻ ከሆነ ዝም ትላለች። ለሦስት መቶ ዓመት የገርዛን ሰው «በሰሚት አፍ!» ብሎ ሲምል ኖሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሊቀ ሰላም ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጠዋት፣ መሰማቷን በአዋጅ ብቻ ያስነግሩ ነበር። ካህናቱ ከሰማይ ወረደች ይላሉ። ሸክላ ከሰማይ እንደማይወርድ ሊነግሯቸው የሚችሉት ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ እነሱ ግን በሕግ ከሰሚት አርባ እርምጃ እንዲርቁ ተደርገዋል። እጃቸው ያረክሳል ተባለ። ሕጉ ድስቱን ንጹሕ፣ ድስቱን የሠራውን እጅ ርኩስ አድርጎ ሲደነግግ የሳቀ አንድ ዳኛ አልነበረም።

ይርገዱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። የተወለደችው ገል ሰፈር ነው፤ ከወንዙ በላይ በሰፈሩት በላይ ዳሮችና ከወንዙ በታች በሰፈሩት በታች ዳሮች መካከል፣ በብቸኛው ሜዳ ላይ። ሁለቱ ወገኖች በወንዙ ውሃ ሲጣሉ የሚጋጠሙት በዚያ ሜዳ ስለሆነ፣ በየጦርነቱ መጀመሪያ የሚቃጠለው የገል ሰፈር ጎጆ ነው። ይርገዱ በሃያ ሁለት ዓመቷ ሦስት ጎጆ ተቃጥሎባታል። ንቀትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተቀብላለች፤ የተቀበለችውንም አጥብቃ መመለስ ታውቅበት ነበር። የገርዛን ሰው አልሰማ ያለውን ሁሉ «እንደ ሸክለኛዋ ደነቆርክ?» እያለ ይሰድባል። ሸክለኛዋ ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረች የይርገዱ ቅድመ አያት ናት።

ሊቀ ሰላም ጓንጉል በወርቅ ዘርፍ ጥላቸው ሥር ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ! ሰላም ታላቅ ነገር ነው፤ ታላቅ ነገር ደግሞ ሰላም ነው! ሰሚትን ኩርፍ የተባለው አውሬ ሰርቆ ወደ አውጋድ ተራራ ወስዷታል። እስከ አሥረኛው ቀን ድምፅዋ ካልተሰማ፣ በሰሚት አፍ እምላለሁ፣ የንጉሡ ጦር መጥቶ ሰላም ያደርጋችኋል!»

የንጉሡ ጦር ሰላም ያደረገውን የሸንበር ሸለቆን ሁሉም ያውቃል። ዶሮ እንኳ አይጮህበትም፤ መሬቱን አሁን የሚያርሱት የሊቀ ሰላም ዘመዶች ናቸው። ይህን እያወቁ በላይ ዳሮችና በታች ዳሮች ጦራቸውን ይስሉ ነበር፤ ጦሩ ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ መተላለቅ የሚሻል መስሏቸው።

አውሬውን ማን ይግጠም ሲባል መኳንንቱ በድንገት ታመሙ። አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ወገቡን ያዘ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ይርገዱ ከአርባ እርምጃ ርቀት።

ሳቁ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ሄደ።

«አንቺ?» አሉ ሊቀ ሰላም እንባቸውን እየጠረጉ። «ብታገኚያትስ በየትኛው እጅሽ ልትይዣት ነው?»

«ጌታዬ ትናንት ወጥ የበሉበትን ድስት በሠራሁበት እጅ።»

ከሳቀው ሕዝብ መካከል ያልሳቁ ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዷ እትዬ ቦጋለች ናቸው፤ የበታች ዳር መበለት። ልጃቸው በበላይ ዳር ጦር ከሞተ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለቱም ወገን ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ያስቀምጡና ያናግራሉ። ገሚሱ እብድ ይላቸዋል፤ ገሚሱ ውሻ ይለቅባቸዋል። እሳቸውም ለውሻው ዱላ፣ ለባለቤቱ ትዕግሥት ይዘው ይሄዳሉ። ሁለተኛው የበላይ ዳሩ ደምሳሽ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ የሰላም አዋጅ ነግሮ በአሥረኛው ከበሮውን የጣለ አዋጅ ነጋሪ።

«እኔ የምመጣው ጋኗን ለመሸከም ነው» አለ ደምሳሽ ደረቱን ነፍቶ። «ሕጉ ንጹሕ እጅ ይጠይቃል።»

«እስከዚያው ስንቁን ይሸከምልን ንጹሑ እጅ» አለች ይርገዱ፣ አኩፋዳውን ትከሻው ላይ እየጫነች።

ሦስት ቀን ተጉዘው አውጋድ ደረሱ። ኩርፍ በዋሻው ደጃፍ ተጋድሞ ነበር፤ ቆዳው እንደ አዞ፣ ጆሮዎቹ ሰባት፣ ቁመቱ ግን ከጥጃ አይበልጥም።

«ይህ ነው እንዴ?» አለ ደምሳሽ። «ይህን ፈርታችሁ ነው የበታች ዳር ወንዶች ቤት የቀራችሁት?»

አውሬው ጆሮዎቹን አቆመ። በሬ አከለ።

«የበላይ ዳር ወንዶችስ የት አሉ?» አሉ እትዬ ቦጋለች። «ውሃ ገድቦ ሕፃናትን ለማስጠማት ግን ማን ይቀድማችኋል!»

«ጎተራችንን ያቃጠለው ማን ሆነና!»

አውሬው ቤት አከለ። ጀርባው የዋሻውን ጣራ ገፋው፤ ድንጋይ ይረግፍ ጀመር።

«ሁለታችሁም አንድ ናችሁ!» ብላ ጮኸች ይርገዱ። «ስትጣሉም ስትታረቁም የምትረግጡት እኛን ነው፤ ከእናንተ ይልቅ ይህ አውሬ ይከበራል!»

ከሁሉም የወፈረው በዚህ ነው። ኩርፍ የሚበላው ንቀትና ስድብ ነው፤ የይርገዱ ደግሞ ሰባ ያለ፣ ለብዙ ዓመት የተቀለበ ነበር። አፉን ሲከፍት የመጨረሻው ጥርሱ ታየ።

ያን ጊዜ እትዬ ቦጋለች አንድ ያልታሰበ ነገር አደረጉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቤት ለቤት ሲዞሩ እንደሚያደርጉት ዱላቸውን መሬት አስተኙና «ተቀመጡ» አሉ። «ደንቡን ታውቁታላችሁ። ያደረጉብህን አትናገር፤ ያጣኸውን ብቻ ተናገር። እኔ ልጄን አጣሁ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። አሁን ቤቴ ውስጥ አፉን የሚሸፍን የለም።»

አውሬው አንድ ጆሮውን አጠፈ።

ደምሳሽ አኩፋዳውን ከትከሻው አውርዶ ተቀመጠ። «እኔ» አለ በመጨረሻ፣ የአዋጅ ድምፁ ጠፍቶት፣ «ጎተራው ሲቃጠል አባቴ እህሉን አድናለሁ ብሎ ገባ። አልወጣም።»

አውሬው አንሶ በሬ አከለ። ሁለቱም ወደ ይርገዱ ዞሩ። መናገሩ ከመሳደብ ይልቅ ከበዳት፤ ስድብ ቢያንስ ቀና ብሎ ይነገራል።

«እናቴ ስትሞት» አለች፣ «ድስቷን ያልገዛ ቤት አልነበረም። ለቀብር የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ ደጃፌ ላይ ቆሜ ኮቴ ሳዳምጥ ዋልኩ። ማንም አልመጣም። እስከ ዛሬ እያዳመጥኩ ነው።»

ኩርፍ እንሽላሊት አከለና ድንጋይ ሥር ሾልኮ ገባ።

ዋሻው ውስጥ ሰሚት አልነበረችም። ያገኙት በአሮጌ የሐር ገመድ የታሰረ አንድ ከረጢት ገል ነው። ደምሳሽ ገመዱን አገላብጦ አየው፤ የሊቀ ሰላም ቤት ማኅተም ነበረበት። ይርገዱ የገሉን ስባሪ በጣቷ ዳሰሰችው። ስብራቱ አርጅቶ ሽበት አውጥቷል።

«ይህ ከተሰበረ አሥር ዓመት ያልፈዋል» አለች። «አውሬው አልሰረቃትም። ሰብረው እዚህ የጣሏት እነ ሊቀ ሰላም ናቸው። ለውሸት ዕርቃቸው ዝም ብትላቸው ጊዜ!»

«እኔ ዘጠኝ ጊዜ አዋጅ ስነግር መጋረጃው ጀርባ...»

«ባዶ ነበር፣ ጌታው። ለመጋረጃ ነው የጮህከው።»

ደምሳሽ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ሳቁ ለማዳመጥ አይመችም ነበር። ይርገዱ ግን አልሳቀችም። በአንዱ ገል ውስጠኛ ክፍል የጣት አሻራና የገል ሰፈር ምልክት አየች፤ የዚያች ሰው ሁሉ የሚሳለቅባት ቅድመ አያቷ ምልክት ነበር። እናቷ በልጅነቷ ትነግራት የነበረውን ተረት አስታወሰች፤ ጋን ሰሚ የሚሆነው ሠሪዋ የራሷን ጆሮ ስትሰጠው ነው የሚለውን። ያች ሴት ደንቆሮ ሆና አልተወለደችም ማለት ነው። ይርገዱ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ገሉን ሰብስባ ተነሣች።

በስድስተኛው ቀን ገል ሰፈር ሲደርሱ ይርገዱ አሮጌውን ገል ወቅጣ አደቀቀችው፤ ሸክላ ሠሪ አዲሱን ጭቃ የሚያጠነክረው በአሮጌ ገል ነው። እትዬ ቦጋለችና ደምሳሽ ደግሞ የሐር ገመዱን እያሳዩ ቤት ለቤት ዞሩ፤ እሳቸው በበላይ ዳር፣ እሱ በበታች ዳር። ለሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነው። ከደጅህ አንድ እፍኝ የሸክላ አፈር ያዝ፤ በራስህ እጅ በይርገዱ እጅ ላይ አስቀምጥ።

መጀመሪያ የመጡት ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ናቸው። ቀጥሎ ድኻው መጣ፤ ወትሮም የሚቀድመው እሱ ነው። ባለጠጎቹ አሽከር ላኩ።

«ውሰደው» አለች ይርገዱ አፈሩን እየመለሰች። «የአሽከር ሰላም አልፈልግም። የራሱን ያምጣ።»

አንድ የበላይ ዳር ባላባት እንዳይነኳት አፈሩን በቅጠል ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ይህንንስ ትቀበያለሽ?»

«እቀበላለሁ። ግን ቅጠሉ እሳት ውስጥ ሲቃጠል ቀዳዳ ይተዋል። ውሃው በእርስዎ በኩል ሲፈስ ሕዝቡ ሁሉ ያያል።»

ባላባቱ ቅጠሉን ጣሉ። እጃቸው እጇን ሲነካ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ መብረቅ ሲጠብቁ። መብረቁ ሳይመጣ ሲቀር ትንሽ ያፈሩ መሰሉ፤ ብዙ ግን አይደለም።

በዘጠነኛው ቀን ጋኗ ቆመች። በአሥረኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ይርገዱ በእሳት ልትተኩሳት እንጨቱን ከመረችና፣ እሳቱን ከመለኮሷ በፊት ጆሮዋን በጋኗ አፍ ላይ አስደግፋ ማለች፦

«የሰማሁትን ውሰጂ፤ የምሰማውን ውሰጂ። እኔ ስድባቸውን ሰምቻለሁ፤ አንቺ እውነታቸውን ስሚ።»

እሳቱ ተያያዘ። መጀመሪያ የጠፋት የቁራው ጩኸት ነው፤ ከዚያ ወንዙ፤ ከዚያ የእንጨቱ መንጣጣት። እትዬ ቦጋለች ትከሻዋን ይዘው አንድ ነገር ጠየቋት። «ምን» የሚለውን ሰማች፤ የቀረውን አልሰማችም።

ፀሐይ ከፍ ስትል ሦስቱም ጦሮች ሜዳው ላይ ደረሱ፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ፣ የንጉሡ ከኋላ። ሊቀ ሰላም ጓንጉል በጥላቸው ሥር አፋቸውን ከፍተው መጡ። ይርገዱ የበረደችውን ጋን ታቅፋ በመካከል አስቀመጠቻት፤ እጇን የከለከላት አልነበረም። እትዬ ቦጋለችና ደምሳሽ፣ የልጁ እናትና የጎተራው ልጅ፣ ውሃቸውን አብረው ገለበጡ። አብረው ጠጡ። ከሁለቱም ወገን ሌሎች ተከተሉ።

ይርገዱ የምታውቀው ዝምታ ብቻ ነበር። ስለዚህ ፊቶችን ተመለከተች። መጀመሪያ የንጉሡ ፈረሶች ጆሮ አቆሙ። በጋኗ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለበት በቀለበት ላይ እየሠራ ይርገበገብ ጀመር። አንድ የበታች ዳር ጎልማሳ ጦሩን አዘቀዘቀ፤ ፊት ለፊቱ የቆመውም አዘቀዘቀ። የንጉሡ የጦር አለቃ ቆቡን አወለቀ፤ ሰሚት በተሰማችበት ምድር ጦር እንዳይረግጥ ሕጉ ይከለክላልና ፈረሱን አዞረ። የሊቀ ሰላም አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ማኅተም ያለበትን ገመድ ደምሳሽ እጅ ላይ አይተው አርባ አንደኛውን ንግግር ጀመሩ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያን ንግግር ከመስማት የዳነችው ይርገዱ ብቻ ነበረች።

ቤቷ ገብታ ለደጃፉ ጀርባዋን ሰጥታ እጇን ታጠበች። ከውሃው ጭቃው ሲለቅ ብዙ ቆየች። ግድግዳው ላይ ጥላ ሲወድቅ ዞረች።

ደጃፏ በሰው ተሞልቶ ነበር። በላይ ዳሮችና በታች ዳሮች እስከ ወንዙ ድረስ ቆመዋል፤ ከአቋቋማቸው እንደሚታወቀው ለረጅም ጊዜ ሲጠሯት የነበሩ ናቸው። ያ ሁሉ ኮቴ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ አልሰማችውም። ደምሳሽ ከፊት ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየች። ደጋገመው፤ «እህቴ» የሚል ይመስላል። ከአጠገቡ እትዬ ቦጋለች ጆሮዋን፣ ከዚያ ጋኗን ተመልክተው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

ይርገዱ ሰዎቹን አንድ በአንድ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፤ ቅጠል ይዘው የመጡትን ባላባት ጨምራ።

«ዘገያችሁ» አለች፣ በማትሰማው ድምፅዋ።

ከዚያም ይገቡ ዘንድ ከደጃፉ ፈቀቅ አለች።